አዋቂው ሬዲዮ

መርሻ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ዘፈን ይቋረጥ ጀመር።

መጀመሪያ ልብ አላለውም። ሰው ሬዲዮውን የሚያጠፋበት ብዙ ምክንያት አለው፤ ሕፃን ይተኛል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ጆሮ ይሰለቻል። አንድ ቀን ግን ከሰኞ ገበያ ሽንኩርት ይዞ ወደ ሰፈሩ ወደ ቧንቧ ውሃ ሲመለስ፣ ከፊቱ ያለው ቤት ትከሻ የሚነቀንቅ ዘፈን ይለቅቃል። እሱ አጥሩ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ያለውም ቤት እንዲሁ። ጥቂት ራቅ ሲል ደግሞ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። መርሻ ቆመና ዞር አለ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዘፈኑ ቆመ።

በዚህ አገር ዘፈን የሚቆምለት ሰው ማን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። ሐዘንተኛ ነው። ጎረቤት ሰው ሲሞትበት ሬዲዮ አይከፈትም። ድሮም እንዲህ ነበር፤ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ከተማ ሆነው፣ ሰው በተንጠልጣይ መኪና ገደሉን በሚሻገርበት በዚህ ዘመንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ የሚያጠፋው ሰው ነበር። አሁን ሬዲዮዎቹ ራሳቸው ያውቁበታል።

"በእኔ ቤት ማን ሞተ?" አለ መርሻ ሽንኩርቱን እንደታቀፈ።

የሚቆጥረው ሰው ብዙ አልነበረም። ሚስቱን የሺመቤትን ጠዋት በደኅና ተለይቷታል። ወልድያ ያለ ሽፈራው የሚባል ወንድም አለው፤ ለወጉ ያህል የሚጠያየቁ ናቸው። ከዚያ ስንዱ አለች። አንድ ልጁ። ስንዱ ደቡብ ዋልታ ናት።

የዋልታው በረዶ ከሟሟ ወዲህ በመስታወት ጣሪያ ሥር ድንች የሚለቅሙት ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው ወደ ዓረብ አገር በሄዱበት አኳኋን፣ በደላላ፣ ሻንጣ ታቅፈው ሄደዋል። ከዚያ ስልክ አይደወልም። ድምፃቸው የሚመጣው በቤት ሬዲዮ ነው። እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሬዲዮው "የሰላምታ ሰዓት ደረሰ" ይልና ስንዱን ያመጣታል። "አባዬ እንዴት ነህ? እማዬስ? እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱንም ለምጄዋለሁ።"

መርሻ መንገድ መሃል ቆሞ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ደገማት። ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ስንዱ? ስንዱ እኮ በሕይወቷ የለመደችው ነገር የለም! ከእናቷ ሆድ ስትወጣ እየተነጫነጨች ነው የወጣችው። ወጡ ጨው በዛው፣ ጫማው ጠበበኝ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። እንደ ሄደች ሰሞን የምትልከው ሰላምታ ሰላምታ አልነበረም፤ ክስ ነበር። አለቃዋ ሲናገር ይተፋል፣ አብራት የምታድረው ልጅ ታንኮራፋለች፣ ድንቹ ድንች ድንች አይልም። መቼ እንደሆነ እንጃ፣ መነጫነጩ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጣፋጭ ጣፋጭ ቃል ብቻ ነው። መርሻም "ልጄ ሰው ሆነች" ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

አሁን ሽንኩርቱን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወደ ቤቱ ተጣደፈ።

ቤት ሲገባ የሺመቤት ራሷን በወፍራም ሻሽ ጠቅልላ፣ ሬዲዮው ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጆሮዬን ብርድ መታኝ ካለች ወዲህ ያንን ሻሽ አታወልቀውም፤ ስትተኛም ከራሷ አይወርድም። ከዘፈኑ ጋር ታንጎራጉራለች።

መርሻ ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ሬዲዮው ፊት ቆመ።

"አንተ።"

"አቤት ጋሽ መርሻ።" ድምፁ የጎልማሳ ድምፅ ነው፤ የደግ የንስሐ አባት የሚመስል።

"ስንዱ በሕይወት አለች?"

ሬዲዮው እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሽ መርሻ፣ ዛሬ ልብዎ ትንሽ ፈጠን ብሏል። ዳገቱን ሲወጡ ነው። እስኪ አረፍ ይበሉ።"

"ጠየቅሁህ እኮ!"

"ክራር ልክፈትልዎ?"

"አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?" አለች የሺመቤት ከሰፌዱ ቀና ሳትል። "ትናንት አይደለም እንዴ ድምፅዋን የሰማነው?"

"ዘፈን ያቆሙልኛል፣ የሺ። መንገድ ላይ።"

"እነማን?"

"ሁሉም።"

"እና ቢያከብሩህ ነዋ! ሽበትህን አይተው።" ሳቀች። ሳቋ የተለመደው ሳቅ ነበር። የለቀመችውን ጠጠር ግን ንጹሑ ምስር ላይ መልሳ በተነችው።

ይህን ሬዲዮ የመረጠው መርሻ ራሱ ነው። የድሮዎቹ ጣቢያዎች ተዘግተው እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሬዲዮ ይምረጥ በተባለ ጊዜ፣ ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ግልጹ ይባላል። ግልጹ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው ይናገራል፤ ሰው ምሳ ላይ ተቀምጦ "እናትዎ አርፈዋል፤ ቀጥሎ የአየር ጠባይ" ይላል። ብዙ ሰው ጉርሻውን እንደያዘ ወደቀ። ስለዚህ ግልጹን የሚገዛ ጠፋ። ሁለተኛው አዋቂው ነው። አዋቂው ወግ ያውቃል። መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ ለጎረቤት በዝግ ይናገራል፤ ከሐዘኑ ባለቤት ግን ይደብቃል፤ ሰውነቱ የሚችልበትን ቀን ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ ጎረቤቶቹን በማለዳ ይሰበስባል፣ እነሱም ገብተው ያረዱታል። ድሮ ሽማግሌዎች በዓይን ገምተው ያደርጉት የነበረውን፣ ይኸኛው በየማለዳው መዳፍ አስነክቶ ልብ እየለካ ያደርገዋል።

መርሻ አዋቂውን ሲመርጥ ለሚስቱ ብሎ ነበር። "እኔ ምንም አልሆንም፤ እሷ ናት ልበ ስስ" ብሎት ነበር ለሻጩ፣ የሺመቤት ሳትሰማ። ሬዲዮው ሁለቱንም ለካ። ምን እንዳገኘ አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት መርሻ ጎረቤቱ እንድሪስ ዘንድ ገባ። ሁለቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ገበጣ ይጫወታሉ። እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ የእንድሪስ ሬዲዮ፣ የሆነ ነገር እያወራ የነበረው፣ ድርግም አለ።

"ና፣ ና፣ መርሻ፤ ዛሬ አንተ ጀምር" አለ እንድሪስ ጠጠሮቹን እያደላደለ።

መርሻ ጀመረ። አሸነፈ። እንደገና ተጫወቱ። እንደገና አሸነፈ።

"እንድሪስ፣ አንተ እኮ አጭበርባሪ ነህ" አለ። "ጠጠር እጅጌህ ውስጥ ስትደብቅ ስንቴ ይዤሃለሁ። ምነው ሰሞኑን ትሸነፍልኛለህ?"

"ዓይኔ ደክሞ።"

"በአላህ ይዤሃለሁ፤ ማን ነው የሞተብኝ?"

እንድሪስ ጠጠሮቹን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሬዲዮ አየ። "አታስምለኝ" አለ ዝግ ብሎ። "በአላህ አታስምለኝ። እኔም ልጆች አሉኝ።"

ይኸ እንግዲህ ሕጉ ነው። ሬዲዮው ሳይፈቅድ መርዶ የተናገረ ሰው፣ ሰሚው ከወደቀ ነፍስ እንዳጠፋ ይቆጠራል። ባይወድቅም ይጠየቃል። የላይኛው ሰፈር አንዲት ሴት ለእኅቷ ሹክ ብላ እስር ቤት ገብታለች ይባላል። ቢሆንም እንድሪስ ዝም ያለው በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከልቡ የሚጠነቀቅለት መስሎት ነው። ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነው። ይወዱታል። ስለሚወዱት ነው ሲያዩት እንደ በሽተኛ ለስለስ የሚሉት።

መርሻ ከእንድሪስ ቤት ሲወጣ አንድ ክፉ ነገር አሰበ። 'ሽፈራው ይሁን' አለ። 'አምላኬ፣ ወንድሜ ይሁን።' ከዚያም ወንድሙን ልጅ ሆነው ጀርባው ላይ እንዳዘለው ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ። ምኞቱን ግን አልመለሰውም።

ነገሩን በደንብ ያሰላው ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ልቡ ካልተረጋጋ አይነገረውም። ካልተነገረው ደግሞ ልቡ አይረጋጋም። በየማለዳው መዳፉን ሲያስነካ ሬዲዮው "ትንሽ ፈጠን ብሏል" ሲለው፣ ልቡ ይብስ ይፈጥናል። እንዲህ ሆኖ መቶ ዓመት መኖር ይቻላል። ስለዚህ ሌላ ሬዲዮ ያስፈልገዋል። የማያውቀው ሬዲዮ።

የሬዲዮው ሱቅ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሬዲዮ ነው። እንደ ድሮው በእንጨት የተሠራ አለ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ አለ፤ እንደ መስታወት የሚሰቀል፣ እንደ ሕፃን የሚታቀፍ አለ። ሶልያና የምትባል ወጣት ሻጭ ናት ያስተናገደችው።

"ለቤት ነው ጋሼ? ትልቅ ድምፅ ያለው ይፈልጋሉ ወይስ ለስላሳ?"

"ግልጹ አለ?"

"ግልጹ ቀርቷል ጋሼ። አሁን ሁሉም አዋቂ ነው። መልኩን ነው የሚመርጡት።"

"እስኪ ያንን የእንጨቱን።"

መዳፉን አሳረፈበት። እንጨቱ ሞቅ አለና፣ "ጋሽ መርሻ፣ ሱቅ ድረስ ምን አደከመዎት?" አለ፤ ያው ደጉ ድምፅ። መርሻ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። የሳሳውን ሞከረ። "ጋሽ መርሻ፣ የሺመቤት ምሳ አቅርባ እየጠበቀች ነው።" መስታወቱን ነካው። የራሱን ሽበት እያሳየ፣ "ልብዎ ፈጠን ብሏል" አለው። የሚታቀፈውንም አቀፈ። ግድግዳው ሙሉ አንድ አፍ ነበር።

ደረቱ ላይ ላቡ ወረደ። ባንኮኒውን ተደገፈ።

ሶልያና ከባንኮኒው በታች ያለውን ሰሌዳ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ የጎረቤቶቹን ፊት መስሏል። ያንን ለስላሳ ፊት።

"አንቺም አወቅሽ" አለ መርሻ። "ከእኔ በቀር ሁሉ ሰው ያውቃል።"

ሶልያና ዕቃ የምታስተካክል መስላ ቆየች። ከዚያ፣ "ለሌላ ሰው ስጦታ ቢፈልጉ ግን አለን" አለች፣ የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል። "ለጎረቤት ምናምን። ስጦታ ሲሆን መዳፍ አይጠይቅም፤ የቤቱን ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱን በድምፁ ይለየዋል።"

መርሻ ዓይኖቿን ፈለገ። መጠቅለያ ወረቀት እየቀደደች ነበር።

"ታዲያ ጋሼ፣ ሲከፍቱት አጠገቡ ባይናገሩ ጥሩ ነው። ባያስሉም። እሱ ዝም ያለውን ሰው ሁሉ ባለቤቱ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።"

"ለጎረቤቴ ለእንድሪስ ነው" አለ መርሻ።

"ይባረክልዎት" አለች ሶልያና፣ ስጦታውን በዓመት በዓል ወረቀት ጠቅልላ።

ይዞት አዝዋ ገደል ወጣ። ከታች ከተማው ተዘርግቷል፤ ተንጠልጣይ መኪኖቹ በገመዳቸው ላይ ይንሸራተታሉ። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ቀደደ፣ የእንድሪስን የቤት ቁጥር ነካ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ጎረሰ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሽ እንድሪስ" አለ ሬዲዮው። "አዲሱ ዕቃ መልካም ይሁንልዎ። እንግዲህ የሰፈሩን ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ላስታውስዎ።"

መርሻ ጋቢውን ነከሰ።

"ሐሙስ ውሃ ይቋረጣል። የመስጊዱ ግቢ አጥር ይታደሳል፤ ጉልበት ያለው ይምጣ። መርዶ ያልተረዱ ጎረቤት፦ አቶ መርሻ። ልጃቸው ስንዱ ደቡብ ዋልታ የመስታወት ጣሪያ ተደርምሶባት አርፋለች። እናትየዋ ክረምቱ ሳይገባ ተረድተዋል፤ ሐዘናቸውን ችለው አባትየውን ይጠብቃሉ። አባትየው በልባቸው ምክንያት አልተረዱም። ሲያልፉ ዘፈን ይቋረጥ። የልጅ ወሬ አይነሣባቸው። በገበጣ ይሸነፉላቸው። የመርዶው ቀን ገና አልተቆረጠም፤ ላይቆረጥም ይችላል።"

መርሻ አልጮኸም። ስንዱ የሚለው ስም ጋ ሲደርስ አልጮኸም፤ ገበጣውም ጋ አልጮኸም። እናትየዋ ተረድተዋል የሚለው ግን ዘግይቶ ገባው። የሺ ታውቃለች። ክረምቱን በሙሉ ታውቃለች። ከዘፈን ጋር እያንጎራጎረች፣ "ሽበትህን አይተው ነዋ" እያለች ታውቃለች። በጋቢው ውስጥ አንድ ድምፅ አመለጠው። ትንሽ ነበረች፣ እንደ ሕፃን ስርቅታ።

ሬዲዮው ድምፁን ቀየረ።

"ጋሽ መርሻ?"

ጋቢው ከአፉ ወደቀ።

"ጋሽ መርሻ፣ የሰው ዕቃ ይዘዋል። አሁን የሰሙት ስሕተት ነው። የሌላ ሰው ነው። ስንዱ ደኅና ናት፤ እሑድ ሰላምታ ትልካለች። ልብዎ ፈጠን ብሏል። ክራር ልክፈትልዎ?"

እግዚአብሔር ያየዋል፣ መርሻ ለአፍታ አመነው። የሌላ ሰው ነው! በዓለም ላይ ሌላ መርሻ፣ ሌላ ስንዱ ለምን አይኖርም? ቁልቁለቱን እየተጣደፈ፣ ሊስቅ እየቃጣው ወረደ። እንድሪስ የተሸነፈው እውነት ዓይኑ ደክሞ ይሆናል። ዘፈኑም... ዘፈኑም ሌላ ነገር ይሆናል። መንገዱን አጋምሶ የየሺመቤት ሻሽ ትዝ አለው። ያኔ ሩጫውን ተወው።

ሰፈሩ ሲገባ ዘፈኖቹ አንድ በአንድ፣ ከአጥር አጥር፣ ጠፉለት።

የሺመቤት ምሳውን ሸፍና ተቀምጣለች። "የት ጠፋህ? ቀዘቀዘብህ እኮ።"

"ሬዲዮ ልመርጥ ሄጄ።"

እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ። "የትኛውን መረጥክ?"

"ሁሉም አንድ ነው።"

አጠገቧ ተቀመጠ። ከጋብቻቸው ቀን ጀምሮ እጁ እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ወደ ራሷ ዘረጋው። የሺመቤት ፈቀቅ አለች፣ "ጆሮዬን... ብርድ" አለች። እሱ አልተወም፤ የሻሹን ቋጠሮ አገኘው፣ ፈታው፣ ጠቅልሎ አወረደው።

ራሷ ተላጭቷል። በምላጭ፣ ያለ መስታወት፣ ተደብቃ፣ በጥድፊያ የላጨችው ነው፤ እዚህ ብጥስጥስ ያለ ጠጉር፣ እዚያ ጠባሳ። የበቀለውን መልሳ መልሳ ቆርጣዋለች። እናት ለሞተ ልጇ የምታደርገውን ሁሉ ብቻዋን፣ ከሻሽ በታች አድርጋለች።

መርሻ አፉን ከፈተ። የሺመቤት መዳፏን አፉ ላይ ጫነችና በዓይኗ ወደ ግድግዳው ጠቆመችው። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ገባው። ሬዲዮው ስሕተት ነው ካለ በኋላ እሱ ማመኑ ከታወቀ፣ ያረጋገጠችለት እሷ ናት ይባላል። ከእሷ ሌላ ማን በቤቱ አለ?

"ጋሽ መርሻ" አለ ሬዲዮው። "ልብዎ በጣም ፈጥኗል። ምን ገጠመዎት?"

የሺመቤት ሻሹን ወደ አፏ ወስዳ ነከሰችው። የክረምቱን ሁሉ ለቅሶ ይዛ ቆይታለች። አንዴ ብትለቀው ሰፈሩ ይሰማዋል።

"ዳገቱን ስወጣ ነው" አለ መርሻ።

"ክራር ልክፈትልዎ?"

በሐዘን ቤት ሐዘንተኛው ራሱ ዘፈን አስከፍቶ አያውቅም። በአባቱም፣ በአያቱም ቤት አልተከፈተም። መርሻ የሚስቱን የተላጨ ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ጋቢውን አለበሳት።

"ክፈት" አለ። "ድምፁን ከፍ አድርገው።"

ክራሩ ቤቱን ሞላው። ከክራሩ ድምፅ ሥር የሺመቤት ጮኸች።

ሰፈሩ ጸጥ እንዳለ ነው። እንድሪስ አጥሩ ጋ ወጥቶ ቆመ። ከጎኑም፣ ከማዶም ሰዎች ወጡ። ዘፈን የሚሰማው ከሐዘኑ ቤት ብቻ ነበር። እንድሪስ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።